ሐሳብ ሲቆለፍ በዓይን መክፈት፦ ሳናስተውል የምናየው ፍንጭ እንዲሠራልን ምን እናድርግ?

ሁለት ዓይነት ቅሬታ ደጋግሞ ይደርሰኛል። አንደኛው "የሥራ ክፍሌን ግድግዳ በሥዕል ሞላሁት፣ ሐሳብ የሚባል ግን ጠብ አላለልኝም" ይላል። ሌላው ደግሞ "ከመጀመሬ በፊት መቶ ምስል አገላበጥኩ፣ መጨረሻ ላይ የሠራሁት ግን ካየሁት የአንዱ ቅጂ ሆኖ ቁጭ አለ" ይላል። ሁለቱም "ምስል ሐሳብ ያመጣል" ሲባል የሰሙት ነገር ውሸት አይደለም። ዓይናችን ሳናስተውል የሚለቅመው ነገር ሐሳባችንን በእርግጥ ይመራል። የሚሳሳቱት ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

በአንድ ሙከራ ላስረዳና ወደ ሥራው እንግባ። በ1931 ኖርማን ማየር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከጣሪያ ሁለት ገመዶች አንጠለጠለ። ተሳታፊዎቹ የሁለቱን ጫፍ ማሰር አለባቸው። ገመዶቹ ስለሚራራቁ ግን አንዱን ይዞ ሌላው ጋ መድረስ አይቻልም። ክፍሉ ውስጥ ፒንሳን ጨምሮ ብዙ ዕቃ አለ። የሚፈለገው መልስ ፒንሳውን አንዱ ገመድ ጫፍ ላይ አስሮ ማወዛወዝ፣ ሌላውን ይዞ መጠበቅና ሲመጣ ቀለብ ማድረግ ነው። ከ10 ሰው 4 ያህሉ በራሱ ደረሰበት። ማየር ለተቀሩት ወደ መስኮቱ ሲያልፍ ሳያስብ የነካ መስሎ ገመዱን ትንሽ አወዛወዘው። ሌላ 4 ያህሉ ከዚያ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ደቂቃ ሳይሞላ፣ መልሱን አገኙ። አብዛኞቹ ግን ገመዱ ሲወዛወዝ ማየታቸውን አላነሡም። ሐሳቡ እንዲሁ እንደመጣላቸው ነው የተናገሩት።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚዘለውን ልብ በሉ። ፍንጩ የመጣው 10 ደቂቃ ያህል ታግለው ከተጣበቁ በኋላ ነው። መመሪያው በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

*ለየትኛው ችግር?*

ይህ ዘዴ የሚያገለግለው መረጃው እጃችሁ ላይ እያለ መንገዱ ለጠፋባችሁ ችግር ነው። ጠባብ ክፍል ማደራጀት፣ የዕቃ ቅርጽ መፈለግ፣ አንድን ከባድ ነገር ለተማሪ የማስረዳት መንገድ ማግኘት፣ የማይገጥም ታሪክ ማቃናት፣ የመሳሰለው። ስሌት ከሆነ አስሉት። መረጃ ከጎደላችሁ ሂዱና ጠይቁ። የማታውቁትን ነገር ምስል አይነግራችሁም።

*የሚያስፈልጉ ነገሮች*

ባዶ ወረቀት፣ እርሳስ፣ አንድ ደማቅ ማርከር፣ ሰዓትና 24 የምስል ካርዶች። ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ለመጀመሪያው ቁጭታ፣ ግማሽ ሰዓት ደግሞ ለሁለተኛው መድቡ። በመካከሉ ዕረፍት አለ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ ብላችሁ ራሳችሁን አትሸውዱ፣ ሌላ ክፍል።

*ካርዶቹን አስቀድማችሁ ሥሩ*

ካርዶቹ ችግሩ ከመምጣቱ በፊት፣ ቢቻል ሳምንት ቀድመው መሠራት አለባቸው። ከተጣበቃችሁ በኋላ ምስል ብትመርጡ የምትመርጡት የያዛችሁን የተሳሳተ ሐሳብ የሚመስለውን ነው። ይህን ስህተት እኔም ሦስት ጊዜ ሠርቼዋለሁ።

አሠራሩ ይህ ነው። 12 ድርጊቶች ጻፉ፦ የሚወዛወዝ፣ የሚታጠፍ፣ የሚንሸራተት፣ የሚገለበጥ፣ የሚጠቀለል፣ የሚነፋ፣ የሚንሳፈፍ፣ የሚደራረብ፣ ከብዙ አቅጣጫ መጥቶ አንድ ቦታ የሚገናኝ፣ ከአንድ ቦታ የሚበተን፣ ውስጡ ወደ ውጭ የሚወጣ፣ በሌላ ነገር ላይ ተደግፎ የሚቆም። ለእያንዳንዱ ሁለት የማይመሳሰሉ ምስሎች ፈልጉ። ለሚወዛወዝ ለምሳሌ አንዱ ዥዋዥዌ፣ ሌላው የትልቅ ሰዓት ፔንዱለም ይሁን። አንድ ካርድ ላይ አንድ ምስል ብቻ ለጥፉ።

ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ካርድ ላይ ምንም ቃል አትጻፉ። ሁለተኛ፣ ከሙያችሁ ምስል አታስገቡ። የቤት ዕቃ የምትሠሩ ከሆነ ወንበር አይግባ፣ ፖስተር የምትሠሩ ከሆነ ፖስተር አይግባ። ሦስተኛ፣ የበራ አምፖል፣ የአንጎል ሥዕል፣ "ፍጠር!" የሚል ጽሑፍና እነዚህን የመሰለ ጌጥ ተዉት። ምክንያቱን መጨረሻ አካባቢ እነግራችኋለሁ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በግስ ጻፉት

ወረቀቱ አናት ላይ ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከዚያ በውስጡ ያለውን የዕቃ ስም አውጡና ድርጊቱን ብቻ አስቀሩ።

እኔ የተሸነፍኩበትን ልንገራችሁ። የሥራ ክፍሌ ጠባብ ናት። በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት ጠረጴዛውን ይመታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጠይቅ የነበረው "ጠረጴዛውን የት ላድርገው?" ብዬ ነው። ጠረጴዛውን በሐሳቤ ያልወሰድኩበት ጥግ የለም። ጥያቄው ራሱ መልሱ ጠረጴዛው ላይ ነው ብሎ ወስኖብኝ ነበር። በግስ ስጽፈው "ሲከፈት የሚይዘውን ቦታ መቀነስ" ሆነ። አሁን ጠረጴዛ የሚባል ነገር የለም፣ በርም የለም፣ መክፈትና ቦታ መያዝ ብቻ ናቸው የቀሩት።

*እንቢ ካለ፦* ግሱ ካልመጣ "ይህ ችግር ቢፈታ ምን ማድረጉን ያቆማል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ውስጥ ግሱ ይገኛል። ግሱ "ማሻሻል" ወይም "ማሳመር" ከሆነ ገና አልደረሳችሁም፣ እንደገና ጻፉ።

ደረጃ 2፦ ምንም ምስል ሳታዩ ታገሉት

30 ደቂቃ። ምሳሌ አትፈልጉ፣ ሌላው እንዴት እንደሠራው አትዩ። የመጣላችሁን ሁሉ፣ ደደብ የሚመስለውንም ጭምር፣ ጻፉ ወይም ሣሉ።

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። በ1991 ጃንሰንና ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ዲዛይን ለሚያውቁ ሰዎች ሥራ ሰጡ። ከሥራዎቹ አንዱ የማይፈስ የቡና ኩባያ መንደፍ ነበር። ለአንዱ ቡድን ስትሮው ያለው ናሙና አሳዩትና ስትሮው እንዳትጠቀሙ አሉት። ናሙናውን ያዩት ካላዩት በበለጠ ስትሮው ያለው ኩባያ ነደፉ። አትጠቀሙ ተብለው እኮ ነው! ምሳሌ ቀድሞ ከገባ ክልከላ እንኳ አያወጣውም።

ስለዚህ "ትንሽ መነሻ ልያዝ ብዬ ነው" የሚለው ሰበብ አይሠራም። የያዛችሁት መነሻ አጥር ነው የሚሆንባችሁ።

*መቼ ነው የሚቆመው?* መጣበቃችሁን የምታውቁት በሦስት ምልክት ነው። አዲስ የጻፋችሁት ከላይ የጻፋችሁት ሆኖ ይገኛል፤ እርሳሱ በአንድ መስመር ላይ ደጋግሞ ይመላለሳል፤ ያልተያያዘ ነገር፣ የቤት ጽዳት ሳይቀር፣ ያጓጓችኋል። ሁለቱ ከታዩ በቂ ነው።

*እንቢ ካለ፦* በ10 ደቂቃ ተስፋ ቆርጣችሁ ወደ ካርዶቹ ልትሮጡ ከሆነ ቁጭ በሉ። ያልታገላችሁበት ችግር አእምሯችሁ ውስጥ ክፍት ሆኖ አይቆይም፣ ክፍት ያልሆነ ጥያቄ ደግሞ ፍንጭ አይዝም። በተቃራኒው መልሱ በ12ኛው ደቂቃ ከመጣላችሁ መመሪያውን ዝጉትና ወደ ሥራችሁ ሂዱ።

ደረጃ 3፦ ዓይናችሁ የተቸነከረበትን ቦታ ፈልጉ

ችግሩን በሥዕል አስቀምጡት። ጥሩ ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም፣ ሳጥንና መስመር ይበቃል። ከዚያ ደጋግማችሁ የምታዩት የትኛውን ክፍል እንደሆነ ምልክት አድርጉ።

እዚህ ላይ ራሳችሁን አትመኑ። ቢላሊችና ባልደረቦቹ በ2008 ባወጡት ጥናት ጎበዝ የቼዝ ተጫዋቾች አንድ የታወቀ የማሸነፊያ መንገድ ካዩ በኋላ የተሻለና አጭር መንገድ እንዲፈልጉ ተጠየቁ። እየፈለግን ነው አሉ። የዓይናቸውን እንቅስቃሴ የሚከታተለው መሣሪያ ግን ሌላ ነገር መዘገበ፤ ዓይናቸው የሚያርፈው በመጀመሪያው መንገድ ካሬዎች ላይ ነበር። አልዋሹም፣ አላወቁትም እንጂ።

ስለዚህ በስሜት ሳይሆን በወረቀት ፈትሹ። ደረጃ 2 ላይ የሣላችሁትን አውጡና እርሳሱ በብዛት የረገጠው፣ የተደመሰሰውና የጠቆረው የት እንደሆነ እዩ። የተቸነከራችሁት እዚያ ነው።

አሁን እንዲህ አድርጉ፦

1. ያን ቦታ በቁራጭ ወረቀት ሸፍኑት።
2. የቀረውን ሥዕል ሁለት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። አትጻፉ።
3. ማርከሩን አንሡና ጠርዙን አድምቁት። ድንበሩን፣ ውጭውን፣ ዙሪያውን፣ "ይኼማ ምንም አይደለም" ያላችሁትን መስመር።

ለምን ጠርዙ? አንድ የታወቀ እንቆቅልሽ አለ። ሰውየው ሆዱ ውስጥ ዕጢ አለበት፣ በቀዶ ሕክምና አይወጣም። ጠንካራ ጨረር ዕጢውን ይገድላል፣ ግን የሚያልፍበትን ጤነኛ ሥጋም ያቃጥላል። መልሱ ደካማ ጨረሮችን ከብዙ አቅጣጫ ልኮ ዕጢው ላይ ማገናኘት ነው። በ2003 ግራንትና ስፓይቪ ይህን በቀላል ሥዕል አስቀመጡት፣ መሃሉ ዕጢው፣ ዙሪያው ቆዳው። ሥዕሉ ፀጥ ብሎ ሲቆም ከሦስት ሰው አንድ ያህሉ መልሱን አገኘ። የቆዳው መስመር በስክሪን ላይ ትንሽ እንዲርገበገብ ሲያደርጉት ከሦስት ሁለቱ አገኙት። ዕጢው ሲርገበገብ ግን ምንም ለውጥ አልመጣም። ሰው ሁሉ ዕጢው ላይ አፍጥጦ ይውላል፣ መልሱ ያለው ግን ጨረሩ በሚገባበት ቆዳ ላይ ነው።

የእኔ ሥዕል ላይ የጠቆረው ጠረጴዛው ነበር። በሩን ደግሞ በቀጭን ቅስት መስመር ነካ አድርጌ አልፌዋለሁ። በማርከር ያደመቅኩት ያን ቅስት ነው።

*እንቢ ካለ፦* ችግሩ በሥዕል የማይገባ ከመሰላችሁ፣ ለምሳሌ የሰዎች አለመግባባት ከሆነ፣ ሰዎቹን ክብ፣ በመካከላቸው የሚያልፈውን ነገር ቀስት አድርጉ። ክቦቹን ሸፍናችሁ ቀስቶቹን ብቻ እዩ።

ደረጃ 4፦ ዕቃዎቹን አራግፉ

እጃችሁ ላይ ያለውን ሁሉ ለየብቻ ዘርግፉ። ሣጥን ውስጥ ያለ ነገር ይውጣ፣ ሣጥኑም ለብቻው ይቀመጥ። የተያያዘ ነገር ካለ ይለያይ። ዕቃው በእጅ የማይዳሰስ ከሆነ ስሙን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ጠረጴዛ ላይ በትኑ።

ይህ የሥነ ልቦና ተመራማሪው የካርል ደንከር ትምህርት ነው። ሻማ፣ ክብሪትና ትንንሽ የወረቀት መሰኪያ ሚስማሮች ተሰጥቷችኋል፣ ሻማውን ግድግዳ ላይ አቁሙ። መልሱ የሚስማሩን ሣጥን ግድግዳው ላይ መሰካትና ሻማውን እላዩ ላይ ማቆም ነው። ሚስማሮቹ ሣጥኑ ውስጥ ሆነው ከቀረቡ ሰው ሣጥኑን ማስቀመጫ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ሣጥኑ ባዶውን ከቀረበ ግን ብዙ ሰው ይፈታዋል። ዕቃው ያው ነው። የተለወጠው አቀራረቡ ነው።

ይህ ደረጃ አጭር ነው፣ 10 ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን አትዝለሉት። ፍንጭ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ማየር ገመዱን ሲያወዛውዝ ፒንሳው እዚያው ባይኖር ምን ይሠራ ነበር?

ደረጃ 5፦ ፍንጩን አስገቡ

አሁን ነው ካርዶቹ የሚመጡት። እዚህ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። ለሌላ ሰው ፍንጭ መደበቅ ይቻላል፣ ለራስ ግን አይቻልም። ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁትን ለምን እንደለጠፋችሁት ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሥራውን ለዕጣ ስጡት።

1. ካርዶቹን ገልብጣችሁ በውዙ።
2. 6 አውጡ። 24ቱንም አትዘርጉ፣ ዓይን ይሰለቻል።
3. ደረጃ 4 ላይ ካራገፋችኋቸው ዕቃዎች አጠገብ፣ በዓይናችሁ ጥግ በሚታይ ቦታ አስቀምጧቸው። ፊት ለፊት አይሁን።
4. አንድ ጊዜ እያንዳንዱን ለ5 ሰከንድ ያህል እዩ። ከችግሩ ጋር ለማገናኘት አትሞክሩ።
5. ተነሡና ሰውነታችሁን አንቀሳቅሱ። እጃችሁን አወዛውዙ፣ ጎንበስ ቀና በሉ፣ አንድ ነገር ግፉ፣ አንድ ነገር ሳቡ። 3 ደቂቃ ይበቃል።

አምስተኛውን ስታነቡ እንደሳቃችሁ አውቃለሁ። ቶማስና ዬራስ በ2009 ያወጡትን ስሙ። የማየርን ገመድ እንደገና ሰቀሉና ተሳታፊዎቹን በየመሃሉ ስፖርት አሠሯቸው። እጃቸውን ያወዛወዙት፣ እጃቸውን ከዘረጉት ይልቅ መልሱን በብዛት አገኙ። አብዛኞቹ ስፖርቱና መልሱ እንደሚገናኙ አልጠረጠሩም። ዋናው እንቅስቃሴው ነው። ቆሞ የሚታይ ቆንጆ ሥዕል ብዙም አይረዳም፤ አንድ ነገር ሲያደርግ የሚታይ ሥዕል ግን ይረዳል። ካርዶቹን በግስ ያሠራኋችሁ ለዚህ ነው።

*እንቢ ካለ፦* ካርዱን እንዳያችሁ "አሃ፣ መልሱ ይኼ ነው!" ካላችሁ ጻፉትና አትቁሙ፣ ቀጥሉ። የመጀመሪያው አሃ ብዙ ጊዜ የምስሉ ቅጂ ነው። እኔ የታጠፈ ጃንጥላ አየሁና የሚታጠፍ ጠረጴዛ ላሠራ ተነሣሁ። ከማሠራቴ በፊት በካርቶን ብሞክረው ኖሮ እንደሚንገዳገድ አውቅ ነበር፤ አልሞከርኩም፣ ጠረጴዛው ዛሬም ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ምንም ካልመጣ ደግሞ አትደንግጡ። በዚህ ደረጃ ምንም አለመምጣቱ የተለመደ ነው። ሌላ 6 አታውጡ። ወደ ደረጃ 6 እለፉ።

ደረጃ 6፦ ተዉት፣ ግን በትክክል ተዉት

ዕረፍት ማለት ስልክ ማየት አይደለም። ተኝቶ ጣሪያ ማየትም የግድ አይደለም። የሚፈለገው እጅን የሚይዝ፣ አእምሮን የማያደክም ሥራ ነው። ዕቃ ማጠብ፣ ልብስ ማጠፍ፣ መራመድ፣ አትክልት ውኃ ማጠጣት። በ2009 ሲዮና ኦርመሮድ 117 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ ቀድሞ ረዘም ያለ ትግል ከነበረ ዕረፍቱ የበለጠ እንደሚጠቅም አገኙ። ደረጃ 2ን የዘለለ ሰው ዕረፍቱም አይሠራለትም ማለት ነው።

ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሌሊት። ስትራመዱ ጆሮ ማዳመጫ አታድርጉ፣ ዓይናችሁ ይንከራተት። የምትፈልጉት ነገር እንዳለ ለራሳችሁ አታስታውሱ። ጥያቄው ክፍት ነው፣ በር የሚከፍት፣ ኳስ የሚወረውር፣ መጋረጃ የሚስብ ሰው ስታዩ እሱ ራሱ ይይዘዋል።

ትንሽ ወረቀትና እርሳስ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። "አልረሳውም" አትበሉ። ትረሱታላችሁ።

*እንቢ ካለ፦* አእምሯችሁ ችግሩን መልቀቅ ካቃተው የያዛችሁት ሥራ በጣም ቀላል ነው። ትንሽ ትኩረት የሚፈልግ ያዙ፣ ለምሳሌ መሳቢያ ማደራጀት። ጭራሽ ከረሳችሁትና ሦስት ቀን ካለፈ ደግሞ ደረጃ 2ን ለ10 ደቂቃ ድገሙት፣ ጥያቄው ተዘግቷል።

ደረጃ 7፦ ተመለሱና በግልጽ ጠይቁ

ሁለተኛው ቁጭታ። መጀመሪያ የመጣላችሁን ሁሉ ሳትመርጡ ጻፉ፣ 10 ደቂቃ። መልሱ ከመጣ ወደ ፍተሻው እለፉ።

ካልመጣ ድብቅነቱን አቁሙት። 6ቱን ካርዶች ፊት ለፊት ደርድሩና አንድ በአንድ "ከዚህ ውስጥ ያለው ድርጊት ለእኔ ግስ ምን ይሠራለታል?" ብላችሁ ጠይቁ። ጊክና ሆሊዮክ በ1980 ያን የዕጢ እንቆቅልሽ ከመስጠታቸው በፊት ምሽግን ከብዙ አቅጣጫ ስለሚያጠቃ ጦር መሪ የሚናገር ታሪክ አስነበቡ። መልሱ ታሪኩ ውስጥ ተቀምጦላቸው እንኳ በራሳቸው ያገናኙት ከ10 ሰው 3 ያህሉ ናቸው። ታሪኩ ሊረዳችሁ ይችላል ሲባሉ ግን ከ10 ሰው 7 ወይም 8 ያህሉ አገናኙት። የተደበቀ ፍንጭ ደስ ይላል፣ የተነገረ ፍንጭ ይበልጣል። በድብቅ ካልሠራ በግልጽ መጠየቅ ሽንፈት አይደለም።

*ፍተሻው*

መልስ ያላችሁትን በሦስት ጥያቄ ፈትኑት። ግሱን ይፈታል ወይስ ምስሉን ይመስላል? ምስሉን ካወጣነው ሐሳቡ ብቻውን ይቆማል? በካርቶን፣ በወረቀት ወይም በሌላ ርካሽ ነገር ዛሬውኑ ሊሞከር ይችላል? ሦስተኛውን አትዝለሉ፣ ጠረጴዛዬን አስታውሱ።

የእኔ መልስ የመጣው ዕቃ ሳጥብ ነው። በሩ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ባይከፈትስ? በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ሐዲድ ተገጥሞለት ወደ ጎን ቢንሸራተትስ? በራሴ ብልጠት ኮራሁ። ማታ ካርዶቹን ስሰበስብ ከስድስቱ አንዱ ግማሹ ተጎትቶ የወጣ የክብሪት ሣጥን ነበር።

ግን ሐሳቡን ያመጣልኝ እሱ ካርድ ይሁን አይሁን በእርግጠኝነት አላውቅም፣ እናንተም አታውቁም። ማየር ለአንዳንድ ተሳታፊዎች በመጀመሪያ የማይረባ ፍንጭ ሰጥቷል፤ ገመድ ጫፍ ላይ ክብደት አስሮ አሽከረከረ። ከዚያ ዋናውን ፍንጭ አሳያቸው። ሲጠየቁ የረዳን የሚሽከረከረው ነው አሉ፣ ዋናውንም ካዱ። ስለዚህ "ለእኔ የሚሠራው ይኼ ካርድ ነው" ብላችሁ 23ቱን አትጣሉ።

*እንቢ ካለ፦* ሁለት ዙር ተሞክሮ ምንም ካልመጣ ካርዱን አትውቀሱ። ግሱ ተሳስቷል። ወደ ደረጃ 1 ተመለሱና በሌላ ግስ ጻፉ። በእኔ ልምድ አልፈታ ካሉት ችግሮች አብዛኞቹ የተጣበቁት እዚያ ነው።

ደረጃ 8፦ ፍንጩን ለሌላ ሰው ስትሰጡ

መምህር፣ ወላጅ ወይም የቡድን መሪ ከሆናችሁ ዘዴው ለእናንተ የበለጠ ይመቻል፣ ምክንያቱም መደበቅ ትችላላችሁ።

1. አትቸኩሉ። ሰውየው ሲጣበቅ ጠብቁ። 10 ደቂቃ ዝም ማለት ለተመልካች ያማል፣ ቻሉት።
2. ፍንጩን ራሱ ችግሩ ላይ ስጡ። ማየር የነካው ገመዱን ነው፣ የገመድ ሥዕል አላሳየም።
3. ነካ አድርጋችሁ እለፉ። አንድ ጊዜ ብቻ።
4. ፊቱን አትዩ፣ አትሳቁ፣ "እህ?" አትበሉ። ከነቃ ችግሩን ትቶ የእናንተን ሐሳብ መገመት ይጀምራል።
5. በ5 ደቂቃ ውስጥ ምንም ከሌለ በግልጽ ንገሩት።

ሣጥኑን ባዶ አድርጎ ማቅረብ፣ የሥዕሉን ጠርዝ በደማቅ ቀለም ማተም፣ ወረቀቱን ገልብጦ መስጠት፣ እነዚህ ሁሉ አፍ ሳይከፈት የሚሰጡ ፍንጮች ናቸው። የምታሳዩት ነገር ግን ወደ ሥራው የሚወስድ ይሁን። የተጠናቀቀ ናሙና ካሳያችሁ የስትሮው ጉዳይ ይመለሳል።

የማይሠራውን ለዩ

ብዙ ገንዘብና ጊዜ የሚባክነው እዚህ ነው። ዓይን በማያየው ፍጥነት ብልጭ የሚል ምስል ፈጣሪ ያደርጋችኋል ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው እለፉት። የዚህ ወሬ አባት ጄምስ ቪካሪ የተባለ የገበያ ተመራማሪ ነው። በ1957 ፊልም ላይ በማይታይ ፍጥነት መልእክት አሳይቼ የፖፕኮርንና የኮካ ኮላ ሽያጭ ከፍ አደረግሁ አለ፣ በ1962 ደግሞ መረጃው እዚህ ግባ የማይባል እንደነበር አመነ። ማየር ያወዛወዘው ገመድ በደንብ የሚታይ ገመድ ነው። ሰዎቹ ሊያዩት ይችሉ ነበር፣ ልብ አላሉትም እንጂ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

አምፖልና አነቃቂ ጥቅስ ያልኳችሁም እዚህ ይመጣል። የበራ አምፖል ማየት ለእንቆቅልሽ ይረዳል የሚል ጥናት በ2010 ወጥቷል። ሆኖም አንድ ምልክት አይቶ ባሕርይ ይለወጣል ከሚሉት የዚያ ዘመን ጥናቶች መካከል ሲደገሙ ያልያዙ አሉ። ስለ እርጅና የሚያወሱ ቃላት ያነበበ ሰው ቀስ ብሎ ይራመዳል የሚለው የ1996 ጥናት በ2012 ሲደገም ውጤቱ አልመጣም። እኔ አምፖል ላይ አልወራረድም። ምልክቱ ከችግራችሁ ድርጊት ጋር ምንም አያገናኘውም፣ የሚወዛወዝ ገመድ ግን ራሱ የመልሱ ግማሽ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል፣ ከሰው ጋር ለምትሠሩ። ፍንጩን የሰጣችሁት ሰው መልሱን ሲያገኝ ራሱ እንዳመጣው ይናገራል፣ ከልቡም ነው። ተማሪ ከሆነ ተዉት፣ ደስታው የእሱ ነው። የሥራ ቡድን ከሆነና የማን ሐሳብ ነው የሚለው በኋላ የሚያጣላ ከሆነ ግን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ደብተር ክፈቱ። ማን ምን እንዳሳየና በስንት ሰዓት እንደሆነ በየዙሩ ይጻፍ፣ ክርክሩ ሲነሣ የሚከፈተው ደብተሩ ይሁን።